ትል የመረጠው ቅጠል

ዋይሮሃ፣ ሆኪያንጋ፣ ኒውዚላንድ
ኤፕሪል 9 ቀን 2019

ፑኬሮአ ተራራችን ይቁም። ከሥሩ የሚወጣው ዋይሮሃ አይንጠፍ። በስሙ ቤት የምንሠራለት አያታችን ሁያራንጊ ጣሪያው ይጽና። የሄዳችሁ ሙታናችን ሂዱ፤ ብዙዎቹ ወዳሉበት ሂዱ። እኛ የቀረነው የሕይወትን ትንፋሽ አነጠስን፣ በሕይወት አለን። ቱቴሬ የእህቴ ልጅ፣ ጤና ላንተ ይሁን።

እስከዚህ ያለው የአጎትህ የሆሄፓ ቃል ነው። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። ከዚህ በታች ያለው የእኔ የአክስትህ የማካሬታ ነው። ይህኛውን እሱ አይሰማውም፤ ሻይ ላፍላ ብዬ ወጥ ቤት ገብቻለሁ።

በደብዳቤ የያዝኩህ ስልክ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ስለማይሠራ ብቻ አይደለም። ነገሩ በስልክ የሚወራ ስላልሆነ ነው። አጎትህ ታሟል። ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሞቹ የሰጡት ሞርፊን ሕመሙን ይወስዳል፣ ግን ከሕመሙ ጋር ሰውየውንም ይዞት ይሄዳል። ባለፈው ሰሞን የገዛ አባቱን ስም ፈልጎ አጣው። ሲነቃና ይህንን ሲያውቅ አለቀሰ። ሆሄፓ ሲያለቅስ ያየሁት እናትህ ስትቀበር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ “ጭንቅላቴን አትስረቁኝ” ብሎ ክኒኑን እምቢ አለ፤ ሌሊቱን ጥርሱን ነክሶ ያድራል።

አዲሱ የጉባኤ ቤታችን ኦገስት ላይ፣ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል። የመክፈቻውን ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቅ ከእሱ በቀር ማንም የለም። እኛ ሴቶች እንግዳውን በዜማ እንጠራለን እንጂ ንግግሩ የወንዶች ነው። ንግግሩ ሳይደረግ ቤቱ ቢከፈት ጥሩ ጣሪያ ያለው መጋዘን ይሆናል፣ ቤት ግን አይሆንም።

ስለዚህ ሕመሙን የሚያስታግስ፣ ጭንቅላቱን የማይነካ የካናቢስ ዘይት ልሠራለት ቆረጥኩ። ሕጉ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሲወስደው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ለሚሠራው ግን አይጨፍንም። ይህንን የነገረኝ ፖሊሱ ፓታሪኪ ነው፣ የአጎታችን የልጅ ልጅ፣ የጠበስኩትን ዳቦ እየበላ።

መድኃኒት መሥራት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። የካዋካዋን ቅጠል ለሆድ፣ ለቁስል ስቀቅል ያረጀሁ ሴት ነኝ። ካናቢሱንም እንደ እናቴ ወግ ለቀምኩት። ጸሎት አደረግሁ፣ ከፀሐይ መውጫ በኩል ጀመርኩ፣ ትል የበሳውን እየመረጥኩ ቆረጥኩ። “ጥሩውን ትል ያውቃል” ትል አልነበር አያትህ? ያልተነካውን ንጹሑን ደግሞ ለፈረሱ ለፓንጎ እግር ቅባት ይሆናል ብዬ ለብቻው ሰቀልኩት። ከጎረቤት አረቄ አመጣሁ፤ ሰውየው ለራሱ መጠጫ የሚያወጣው ነው። ቅጠሉን አሳድሬ ዘፈዘፍኩ፣ አጠለልኩ፣ አረቄው እስኪተን ጠበቅሁ። የወጣው ነገር ጥቁር አረንጓዴ፣ መራራና የሚያጣብቅ ነው። ሆሄፓ ቀምሶት ሲስል ዋለ፣ የበላውንም አስመለሰው። ሕመሙ ንቅንቅ አላለም።

አንተ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። ስህተቴ የቱ ጋ ነው? ጠንካራ አልኮል ካለም ላክልኝ። እዚህ ሱቅ ያለው ሐምራዊው የማንደጃ አልኮል ብቻ ነው፤ እሱንም ሳላስበው አልቀረሁም።

የአጎትህን ሰላምታ በወጉ መልስ። እየጠበቀ ነው።

አክስትህ ማካሬታ


ሊዝሞር አጠገብ፣ አውስትራሊያ
ኤፕሪል 24 ቀን 2019

ዋይሮሃ ወንዛችን ሰላም፣ ፑኬሮአም ሰላም። እናቴ ንጋዋይ በሰላም እረፊ። ለሽማግሌያችን ለኮሮ ሆሄፓና ላንቺ ለአክስቴ ጤናን እመኛለሁ።

የኮሮ መታመም አንጀቴን በላው። ዘይቱን በተመለከተ ግን ምንም አትጨነቂ። እኛ እዚህ ከሻይ ዛፍ ዘይት የምናወጣው በእንፋሎት ቢሆንም ነገሩ ያው ነው፤ ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ ችግሩን ለየሁት።

አንደኛ፣ የጎረቤትሽ አረቄ ቀጭን ነው። ውኃው አረንጓዴውንና መራራውን ሁሉ ከቅጠሉ ጎትቶ ያወጣል። ዳግም አረቄ ያውጣልሽ፣ ዳግምም የወጣውን እንደገና ይድገመው። ሁለተኛ፣ ይሄ ካዋካዋ አይደለም፣ ተዘፍዝፎ አያድርም። ቅጠሉ በደንብ ይድረቅ፣ ሁሉም ነገር ይቀዝቅዝ፣ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ይውጣ። ሐምራዊውን አልኮል እጅሽ እንዳይነካው፤ መርዝ ነው፣ ቢተንም መርዙ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሳት ባለበት እንዳትሠሪ። የአልኮል ትነት አይታይም፣ ተሰብስቦ ይቆይና ከምድጃው ጋር ሲገናኝ ቤቱን ይዞት ይነሳል። ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ሥሪ።

አለቃቀምሽ ላይ እንከን የለም። አያቴም እንደዚያው ነበር የምታደርገው። አልኮል በፖስታ አይላክም እንጂ ብልክልሽ ደስ ይለኝ ነበር።

ቱቴሬ


ዋይሮሃ
ሜይ 20 ቀን 2019

ሆሄፓ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለ፦ ወንዝ ከተራራ ይወለዳል እንጂ ተራራ ከወንዝ አይወለድም። ታላቅ ሳይጠራ ታናሽ አይጠራም፤ አባቷን ኤሩዌራን ሳትጠራ እናትህን ጠራህ። እንደገና።

ዛሬ ይህን ብቻ ነው ያለው። ደክሞት ነው።

ደብዳቤህ ሰነፍ ነው፣ ከእሳቱ በኋላ ደረሰ። አንተ “እሳት ባለበት እንዳትሠሪ” ስትል እኔ እሳቱን አጥፍቼ ቅንድቤን በመስታወት እየፈለግሁ ነበር። ጋዙን ለኩሼ አረቄው ያለበትን ገንዳ አጠገቡ አስቀምጬ ነበር፤ እፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ መጋረጃው በእሳት ተያያዘ። እርጥብ ብርድ ልብስ ወርውሬበት አዳንኩት። ጭሱን አይቶ የመጣው ማን ይመስልሃል? ፓታሪኪ፣ በፖሊስ መኪናው። በሩ ላይ ቆሞ አየሩን አሸተተ። ቅንድብ የሌለው ፊቴን አየ። “አክስቴ፣ ዳቦ ነው የተቃጠለብሽ?” አለኝ። አዎ አልኩት። “ዳቦ ከሆነ ደጅ ጋግሪው፣ ሰው እንዳይሞትብን” ብሎ ሄደ። ከነገረኛ ልጅ አንዳንዴ ምክር ይገኛል።

አሁን ደጅ፣ ከበጎቹ መሸለቻ ጥላ ሥር፣ ያልከኝን ሁሉ አደረግሁ። ዳግም አረቄ፣ ሦስተኛም የወጣ። ቅጠሉ ደርቆ ሲጨመደድ ይሰማል። በረዶ ቤት አሳድሬ አቀዘቀዝኩት፣ ቶሎ አጠለልኩት። መልኩ ተሻሽሏል፣ አረንጓዴነቱ ለቋል። ያም ሆኖ እርጥብ ምድር ቤት ውስጥ የከረመ ጆንያ ጆንያ ይሸታል። ሆሄፓ ሲወስደው ደረቱ ይዘጋና ይስላል። ከሕመሙም የሚያነሳለት ትንሽ ነው። “እህቴ፣ በምን በደልኩሽ?” ይለኛል።

ፓንጎ ግን ተሽሎታል። ከተሰቀለው ንጹሕ ጥቂት ቆርጬ ቅባት ሠርቼ እግሩን አሸሁት፤ በሦስተኛው ቀን አጥር ዘሎ የሰው ስኳር ድንች በላ። ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ።

ጥሩ ማጥለያ ካለ ላክልኝ። ስህተቱንም ደህና አድርገህ አስብ። ሥራህ መቼ ነው የሚረግበው?

ማካሬታ


ሊዝሞር አጠገብ
ጁን 5 ቀን 2019

ፑኬሮአ ይቁም። ዋይሮሃ አይንጠፍ። ኤሩዌራ አያቴ ሂድ፣ ንጋዋይ እናቴ ሂጂ፣ ወዳሉት ሂዱ። ኮሮ ሆሄፓ፣ አክስቴ ማካሬታ፣ እኛ በሕይወት አለን።

አሁንስ በወጉ ነው? ኮሮን ጠይቂልኝ።

ስለ ቅንድብሽ አዝናለሁ፣ ስለ ፈረሱ ግን ስቄአለሁ። የጆንያ ሽታ ያልሽው ነገር የአልኮሉ ቅሪት ነው። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ሳይተን ቀርቶ ደረታቸውን ይዘጋል ማለት ነው። ነፋስ ላይ አቆዪው፣ ምንም የአረቄ ሽታ እስከማይኖረው ድረስ አትስጫቸው። ማጥለያ በዚህ ጥቅል ውስጥ ልኬያለሁ፤ ከፋብሪካው የተረፈ ነው፣ በጣም ስስ ነውና በጥንቃቄ እጠቢው። በዚህ ይፈታል፣ እርግጠኛ ነኝ።

ሥራዬ አሁን አይረግብም። ዛፉ የሚቆረጠው ክረምቱን ሙሉ ነው፤ ሰው አነሰ ብለው ፈቃድ ከልክለውናል። ቤቱ ሲከፈት ልቤ እዚያ ነው። ኮሮ ይቆማሉ አይደል? ይራመዳሉ? በደብዳቤሽ አልጻፍሽውም።

ቱቴሬ


ዋይሮሃ
ጁን 22 ቀን 2019

ቱቴሬ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

ዛሬ የሆሄፓ ሰላምታ የለም። ሰላምታህን አነበብኩለት። “የማን ልጅ ነው?” አለኝ። ወደ ክኒኑ ተመልሷል፤ እኔ ነኝ የመለስኩት፣ ጩኸቱን አልቻልኩም። እኔን በእናታችን ስም ይጠራኛል። ከአልጋ ከወረደ ወር አልፎታል። ያልጻፍኩልህ እንድትጨነቅ ስላልፈለግሁ ነበር፤ አሁን ተጨነቅ።

ዘይትህን ነፋስ ላይ አቆየሁት። የአረቄ ሽታ ዜሮ። አንድ ጠብታ በዳቦ ላይ ሰጠሁት፤ ያው ጆንያ፣ ያው ሳል፣ እንዲያውም ባሰበት። እንግዲህ ጥበብህ የት ሄደ? አንድ ጊዜ አረቄው ነው፣ አንድ ጊዜ መዘፍዘፉ ነው፣ አንድ ጊዜ ቅሪቱ ነው አልከኝ። በእያንዳንዱ ደብዳቤ እርግጠኛ ነህ። እኔም ሞኝ ሆኜ እያመንኩ እሠራለሁ፣ እሱ ይስላል።

ፈቃድ ከለከሉኝ ያልከውን ላምንህ እየፈለግሁ አቃተኝ። የማትመጣበትን ምክንያት ይህ ሸለቆ በሙሉ ያውቀዋል። በእናትህ ቀብር ልትናገር ቆመህ ቃል ጠፋህ፣ ሆሄፓ በትሩን መሬት መትቶ ንግግሩን ተቀብሎ ጨረሰልህ፣ አንተም በሳምንቱ አውሮፕላን ተሳፈርክ። ልጄ፣ ያን ቀን ቃል ጠፋህ እንጂ ሰው አልገደልክም። እናቱን እየቀበረ ቃል የማይጠፋው እሱ ነው የሚያስፈራው።

አንዱን ምረጥ። ወይ የዘይቱን ስህተት ንገረኝ፣ ወይ ራስህ ና።

ማካሬታ


ሊዝሞር አጠገብ
ጁላይ 1 ቀን 2019

ፑኬሮአ ይቁም፣ ዋይሮሃ አይንጠፍ። አክስቴ፣ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ይህ ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ ነው የሚመጣው፣ ሲደርስሽ ቆመሽ አንብቢው።

ያለሽን ዘይት በሙሉ ድፊው። አንዲት ጠብታ እንዳትሰጫቸው።

ጎረቤቴን ግሌኒስን ነግሬሽ አላውቅም። ጡረታ የወጣች ርዕሰ መምህርት ናት፤ ምላሷ ግን እስካሁን ጡረታ አልወጣም። ለጣቶቿ ሕመም ይህንን ዘይት ስትሠራ ብዙ ዘመኗ ነው። ደብዳቤሽ ስላበገነኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩላት። ትል የበሳውን እየመረጥኩ የሚለው ጋ ስደርስ እጇን አነሣች። “ቆይ። አባጨጓሬ የበላውን ነው የምትለቅመው?” አለችኝ። አዎ አልኳት፣ እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው፣ ጥሩውን ትል ያውቃል። መነጽሯን አውልቃ ትክ ብላ አየችኝ።

“ልጄ፣ አባጨጓሬው አበባው ውስጥ ገብቶ ይበላል፣ እዚያው ይጸዳዳል። ከኋላው ሻጋታ ይገባል። ላዩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ በስብሷል። ሰውየውን ስታበሉት የከረማችሁት ሻጋታ ነው።”

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይኸው ነው። ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔም አንብቤ አለቃቀምሽ እንከን የለውም ብዬ መለስኩልሽ። እኔ ብሆን ልክ እንዳንቺ ነበር የምለቅመው፣ ስለዚህ አላየሁትም። ለካዋካዋ ትሉ እውነት ያውቃል፤ ለዚህኛው ግን ጠላት ነው። አረቄው፣ መዘፍዘፉ፣ ቅሪቱ፣ ሁሉም እውነተኛ ስህተት ነበሩ፤ ዋናው ግን ይኼ ነው።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለፓንጎ የሰቀልሽው ንጹሑ ተርፏል? ፈረሱ ለምን አጥር እንደዘለለ አሁን ገባኝ።

ቱቴሬ


ዋይሮሃ
ጁላይ 19 ቀን 2019

ፑኬሮአ ይቁም፤ ጭጋግ ቢጋርደው እንኳ እዚያው እንዳለ እናውቃለን። ከሥሩ የሚወጣው ዋይሮሃ አይንጠፍ፤ ያጠጣንን እንዳንረሳ። ሁያራንጊ፣ አከርካሪህ የቤታችን ወጋግራ ነው፣ የጎድን አጥንትህ ማገራችን ነው፤ በደረትህ ውስጥ እንገባለን፣ በደረትህ ውስጥ እንተኛለን። ኤሩዌራ ሂድ፣ ንጋዋይ ሂጂ፤ እኛ እናለቅሳችኋለን፣ እናንተ አትዙሩ። ሙታን ለሙታን፣ ሕያዋን ለሕያዋን። አነጠስን፣ በሕይወት አለን። ቱቴሬ የእህቴ ልጅ፣ መልስ።

አነበብከው? ይህን የተናገረው ዛሬ ጠዋት፣ ትራስ ተደግፎ፣ አንድም ቃል ሳይፈልግ ነው። እኔ ስጽፍ አልደርስበት ብዬ ሁለት ጊዜ “ቀስ በል” አልኩት።

ሳይደግስ አይጣላም። የፓንጎው ሙሉ ነዶ ጣሪያው ላይ ተሰቅሎ ነበር። አንድ በአንድ ፈልፍዬ በፀሐይ አየሁት፣ ቀዳዳ ያለበትን ሁሉ ጣልኩ። ልማድ ክፉ ነው፣ እጄ ወደ ቀዳዳው ይሄዳል፣ እኔ እመልሰዋለሁ። እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር እያልኩ ጸሎቱን ግን አልተውኩም። ዘይቱ የማር መልክ ይዞ ወጣ። ጆንያ አይሸትም። የመጀመሪያውን ቀን ሆሄፓ አንድ ጠብታ ወስዶ ፊቱን አጨማደደና “አሁንም ይመራል” አለ፤ ከዚያ ሳይስል፣ ሳያቃስት እስከ ንጋት ተኛ። ሲነቃ በስሜ ጠራኝ። በትሬን አምጪ አለ፣ ቀጥሎ ቅባት የበዛበት የአሳማ አጥንት አምጪ አለ። ዶክተሯ ስትመጣ ነገርኳት፤ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች፣ የክኒኑን መጠን ግን ዝቅ አደረገችለት።

በቃ ልትናገር ነው ማለት ነው አልኩት ደስ ብሎኝ። ብርድ ልብሱን ከእግሩ ላይ ገለጠ። ቀጥሎ ያለውን ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ።

“ማካሬታ፣ እግሬን አይተሽዋል። ዘይቱ ጭንቅላቴን እንጂ እግሬን አልመለሰም። ተኝቶ ቤት የሚከፍት ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?”

ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ሰላምታ ታጽፈኛለህ አልኩት።

“ልጁ እንዲጽፈው ነዋ። በእጁ የጻፈው ከአፉ አይጠፋም። የሚቆመው እሱ ነው።”

ከኤፕሪል ጀምሮ አስቦት ነበር፣ ቱቴሬ። ሕመሙ ሲለቀው የፈለገው ራሱ ለመናገር አልነበረም፣ አንተን ለማረም ነበር። እኔም ይህንን ሳልረዳ ሳጥልልና ስነድድ ከረምኩ። ስለዚህ ማጥለያም አረቄም አልፈልግም። የምጠይቅህ አንተን ነው።

ማካሬታ


ሊዝሞር አጠገብ
ጁላይ 28 ቀን 2019

ፑኬሮአ ይቁም፤ ጭጋግ ቢጋርደውም እዚያው አለ። ዋይሮሃ አይንጠፍ፤ ያጠጣንን አንረሳም። ሁያራንጊ፣ በደረትህ ውስጥ እንገባለን፣ በደረትህ ውስጥ እንተኛለን። ኤሩዌራ ሂድ፣ ንጋዋይ ሂጂ፤ አትዙሩ። ሙታን ለሙታን፣ ሕያዋን ለሕያዋን። ኮሮ ሆሄፓ፣ መለስኩ።

ወጋግራውንና ማገሩን ዘልያለሁ፤ ደብዳቤሽን ሳልገልጥ ስለጻፍኩት ነው። ለኮሮ ንገሪያቸው፣ ስመጣ በአፌ ይሟላል።

ዓርብ ለአለቃዬ እሄዳለሁ አልኩት። ፈቃድ የለም አለ። ፈቃድ አልጠየቅኩህም አልኩት። ግሌኒስ አውሮፕላን ማረፊያ ታደርሰኛለች፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ሻጋታ ትመክረኛለች።

እፈራለሁ፣ አክስቴ። ግን እመጣለሁ።

ቱቴሬ


ሊዝሞር አጠገብ
ኦክቶበር 6 ቀን 2019

ፑኬሮአ ይቁም፤ ጭጋግ ቢጋርደው እንኳ እዚያው እንዳለ እናውቃለን። ከሥሩ የሚወጣው ዋይሮሃ አይንጠፍ፤ ያጠጣንን እንዳንረሳ። ሁያራንጊ፣ አከርካሪህ የቤታችን ወጋግራ ነው፣ የጎድን አጥንትህ ማገራችን ነው፤ በደረትህ ውስጥ እንገባለን፣ በደረትህ ውስጥ እንተኛለን። ኤሩዌራ ሂድ፣ ንጋዋይ ሂጂ፣ ሆሄፓ ሂድ፤ እኛ እናለቅሳችኋለን፣ እናንተ አትዙሩ። ሙታን ለሙታን፣ ሕያዋን ለሕያዋን። አነጠስን፣ በሕይወት አለን። አክስቴ ማካሬታ፣ ጤና ላንቺ ይሁን።

በደህና ገባሁ። ጉምሩክ ላይ በትሩን ይዘው ይኼ ምንድን ነው አሉኝ። የአጎቴ ነው አልኳቸው። እንጨቱን ትል በልቶት እንደሆነ በመብራት ፈተሹት፤ ሳቄ አመለጠኝ፣ አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። አሁን ክፍሌ ጥግ ላይ ቆሟል።

አብረን በሰነበትንባቸው ቀናት ሰው በዝቶ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ቤቱ የተከፈተ ለት አንቺ ፊት ለፊት ቆመሽ እንግዶቹን በዜማ ስትጠሪ ጀርባሽ ወደ እኛ ነበር፣ ከዚያም እኔ ስናገር ከሴቶቹ ጋር ሆነሽ በሕዝቡ ተጋርደሽ ነበር። ኮሮን አላየሻቸውም። በረንዳው ላይ፣ በመስኮቱ ሥር፣ ፍራሻቸው ላይ ነበሩ፤ በትራቸውን ጨብጠዋል። ተራራውን አለፍኩ። ወንዙን አለፍኩ። ቤቱንም። ከዚያ እናቴን ልጠራ ስል አፌ ተዘጋ። ልክ እንደዚያን ቀን፣ በዚያው ስም ላይ። ወደ ኮሮ ዞርኩ። ሳያቸው በትሩን ከፍ አድርገውታል። በቃ መሬቱን ሊመቱት ነው፣ ንግግሩን ሊቀበሉኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አልመቱም። ስገልጥ በትሩን ጉልበታቸው ላይ አጋድመውት እየጠበቁኝ ነበር። ሌላ ምንም አላደረጉም። እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው የለም። ከዚያ ስሟ መጣልኝ፣ የቀረውም ተከትሎ መጣ።

ወደ ውስጥ ስንሸከማቸው ጆሮዬን ሳብ አድርገው “ዘገየህ እንጂ አልጠፋህም” አሉኝ። በትሩን የሰጡኝም ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሦስት ሳምንታት አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፤ ሳይጮሁ፣ ሁላችንንም በስማችን እየጠሩ፣ የሁላችንንም ንግግር እያረሙ ሄዱ። እኔ ያ ዘይት ነው ብዬ አምናለሁ። አንቺ ጸሎቱ ነው ትያለሽ፤ አልከራከርሽም።

በቀጣዩ ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ጠቅልዬ እመለሳለሁ። የፓታሪኪ አማት ታማለች ብለሽ ነበር፤ ፓታሪኪ ራሱ ቅጠሉን ሲለቅም ቀዳዳ የሌለውን እንዲመርጥ አሳዪው።

ቱቴሬ


ዋይሮሃ
ኦክቶበር 21 ቀን 2019

ቱቴሬ፣ ጤና ላንተ ይሁን።

ደብዳቤህን አዲሱ ቤት ውስጥ፣ ፎቶውን ከሰቀልንበት ግድግዳ ሥር ቁጭ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ስለ በትሩ ያልከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አለቀስኩ፣ ከዚያ ሻይ ጠጣሁ።

ፓታሪኪ የፖሊስ ልብሱን አውልቆ መጥቷል፤ ለጊዜው ደህና ተማሪ ነው። ፓንጎ አጥር መዝለሉን አልተወም።

ሰላምታህ ግን ተሳስቷል። ሙታን የሚጠሩት በአሟሟታቸው ተራ ሳይሆን በአወላለዳቸው ተራ ነው። ሆሄፓ የእናትህ ታላቅ ነው፤ ከአባቱ ቀጥሎ ይጠራል፣ ከእሷ በፊት። እሱ ቢኖር እንዲህ አያሳልፍህም ነበር፣ እኔም አላሳልፍህም።

አርመህ ላክ።

አክስትህ ማካሬታ